ስደተኛው ለድሀ አደጉ ሲሰጥ

የሚነበብ ክፍል፦ ዘዳግም 10፥17-19፤ 2ኛ ቆሮንቶስ 8፥1-21

 

ሰሞኑን ከጸሎት ቡድን እህቶች አንድ ሐሳብ ተነስቷል። በአገር ቤት በጦርነቱ ወላጆቻቸውን ላጡ ልጆች መዋጮ እናድርግ የሚል ነው። ሐሳቡ ሲነገር አንዳንዱ አሜን አለ። አንዳንዱ ዝም አለ። ሌላው ደግሞ ከፕሮግራም በኋላ በሃዲዱ ዳር ወደ ቤቱ እየሄደ፣ "እኛ ራሳችን የሚረዳን አጥተን ለማን ነው የምንረዳው?" አለ።

ወገኖቼ፣ ይሄ የክፉ ሰው ጥያቄ አይደለም። የቤት ኪራይ የደረሰበት ሰው ጥያቄ ነው። ካምፓላ የሚኖር ስደተኛ እንደ ካምፑ ራሽን የለውም፣ ራሱን ችሎ ነው የሚኖረው። ካምፕ ያለውም ቢሆን ራሽኑ በየጊዜው ሲቀነስ አይቷል። ስለዚህ ጥያቄውን በቁጣ አንመልሰውም። በቃሉ እንየው።

1. በአንድ መስመር ላይ የተጻፍን ሰዎች

ሙሴ በዘዳግም 10 ላይ ስለ እግዚአብሔር ሲናገር፣ ፊት አይቶ የማያዳላ፣ ጉቦ የማይቀበል ታላቅ አምላክ ነው ይለናል። ታዲያ ይህ ታላቅ አምላክ ሥራው ምንድነው? ለድሀ አደጉና ለመበለቲቱ ይፈርዳል፣ ስደተኛውን ይወዳል፣ የሚበላውንና የሚለብሰውን ይሰጠዋል። ልብ በሉ፣ ወላጅ የሌለው ልጅ፣ ባል የሞተባት ሴትና ስደተኛው በአንድ መስመር ላይ ነው የተጻፉት። ምዕራፍ 24 ላይም እንደገና አብረው ይመጣሉ። በእርሻ ላይ የተረሳው ነዶ፣ በወይራው ዛፍ ላይ የቀረው ፍሬ፣ ከወይኑ የተረፈው ቃርሚያ ለእነዚሁ ለሦስቱ ይሁን ተብሏል።

ስለዚህ እኛ በተቀባዮች ዝርዝር ውስጥ አለን። ይሄ ነውር አይደለም። አገራችንም ተቀብላለች። በ77ቱ ድርቅ ጊዜ ስማችንን የማያውቁ፣ አገራችን በየት በኩል እንደሆነ እንኳ የማያውቁ ሰዎች እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1985 በለንደንና በፊላደልፊያ ስታዲየም ተሰብስበው ለእኛ ገንዘብ አዋጥተዋል። እዚህ ናሙዎንጎ ውስጥም ባሕር ማዶ ያሉ በጎ ፈቃደኞች በሰበሰቡት ገንዘብ ዩኒፎርም ለብሰው ትምህርት ቤት የሚሄዱ ልጆች አሉ። ኡጋንዳም ራሷ ሀብታም ሳትሆን በር ከፍታልናለች። የተሰጠንን መካድ አይገባም።

ነገር ግን ሙሴ እዚያ ላይ አላቆመም። ቀጥሎ ቁጥር 19 ላይ ሕዝቡን ራሱን ያዘዋል፦ እናንተም ስደተኛውን ውደዱ፣ በግብፅ ስደተኞች ነበራችሁና። አያችሁ? ትናንት ተቀባይ የነበረውን ሰው ዛሬ ሰጪ ያደርገዋል። የስደት ኑሮውን ለልመና ብቻ ሳይሆን ለርኅራኄም ምክንያት ያደርግለታል። የልጅ ረሃብ ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው ማነው? ያየው ነው። እኛ አይተነዋል።

2. ከድህነት የወጣ ስጦታ

አሁን ወደ 2ኛ ቆሮንቶስ 8 እንምጣ። ታሪኩ እንዲህ ነው። በይሁዳ ያሉ ቅዱሳን ድሆች ሆነዋል። አስቀድሞም በሐዋርያት ሥራ 11 ላይ አጋቦስ ስለ ረሃብ ትንቢት በተናገረ ጊዜ፣ በአንጾኪያ ያሉት ደቀ መዛሙርት እያንዳንዳቸው እንደ አቅማቸው አዋጥተው በበርናባስና በሳውል እጅ ልከው ነበር። ጳውሎስ ደግሞ በኋላ በየአሕዛቡ ከተማ እየዞረ ለኢየሩሳሌም ድሆች መዋጮ ያሰባስብ ነበር። በዛሬው ቋንቋ ብንለው በባሕር ማዶ ላሉ ችግረኞች የተደረገ የበጎ ፈቃድ ገንዘብ ማሰባሰብ ነው።

በዚያ ጊዜ ከሁሉ በላይ ያስደነቁት እነማን መሰሏችሁ? ሀብታሞቹ ቆሮንቶሶች አይደሉም። የመቄዶንያ ሰዎች ናቸው፣ የፊልጵስዩስና የተሰሎንቄ አማኞች። እነዚህ ሰዎች በመከራ ተፈትነው ነበር፣ ድህነታቸውም ጥልቅ ነበር። እንዲያውም ጳውሎስ ሳይጨቀጭቃቸው እነሱ ናቸው ጳውሎስን የለመኑት። ምን ብለው? በዚህ አገልግሎት እኛም ድርሻ ይኑረን ብለው። ምስኪን ሰው "አትለፉኝ፣ እኔም ልስጥ" ብሎ ሲለምን አስቡት። ሚስጥሩንም ጳውሎስ ይነግረናል፦ አስቀድመው ራሳቸውን ለጌታ ሰጥተው ነበር። ራሱን የሰጠ ሰው ኪሱን መስጠት አይከብደውም።

ይሄ የድሮ ታሪክ ብቻ አይደለም። ከእኛ ብዙ ሳይርቅ፣ በጂንጃ መንገድ፣ ኪሬካ የሚባል ሰፈር አለ። እዚያ የሚኖሩ ብዙ የአቾሊ ሴቶች በጆሴፍ ኮኒ ጦር ምክንያት ከሰሜን ኡጋንዳ ሸሽተው የመጡ ናቸው። ብዙዎቹ ኤችአይቪ በደማቸው አለ። ሥራቸው ድንጋይ በመዶሻ እየፈለጡ ጠጠር አድርጎ መሸጥ ነበር። ሮዝ ቡሲንጌ የምትባል ነርስ ሚቲንግ ፖይንት ኢንተርናሽናል በሚባለው ድርጅት ታግዛቸዋለች። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2005 ካትሪና የሚባለው ማዕበል አሜሪካ ውስጥ ኒው ኦርሊንስን ሲያጥለቀልቅና ከሺህ በላይ ሰው ሲሞት፣ እነዚህ ሴቶች ሰሙ። ሰምተውም ዝም አላሉም። ከጠጠሩ ዋጋ አዋጥተው በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ወደ አሜሪካ ላኩ። እስቲ አስቡት፣ በመዶሻ ከሚፈለጥ ድንጋይ ለአሜሪካ! አሜሪካ በእነሱ ገንዘብ ሀብታም አልሆነችም። ግን እነዚያ ሴቶች ከዚያ ቀን ጀምሮ ተረጂ ብቻ የሚባሉ ሰዎች አይደሉም።

እዚህ ላይ ግን ሁለት ነገር እንጠንቀቅ።

አንደኛ፣ ጳውሎስ በቁጥር 12 ላይ ስጦታ የሚወደደው ሰው ባለው መጠን ሲሰጥ ነው፣ በሌለው መጠን አይደለም ይለናል። ስለዚህ የኪራይ ገንዘብሽን አምጪ የሚልሽ ካለ አትስሚው። የልጅሽን የትምህርት ቤት ክፍያ ወስደሽ ለሌላ ልጅ አትስጪ። የቤተሰቡን ነገር የማያስብ ሰው እምነቱን ክዷል የሚለውን 1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥8ን ያው ጳውሎስ ነው የጻፈው። 500 ሽልንግ ካለሽ 500 ትበቃለች። እሷም ከሌለች ጉልበት አለ። ከፕሮግራም በኋላ ቡና አፍልቶ፣ አምባሻ ጋግሮ መሸጥና ገቢውን ለልጆቹ ማድረግ ይቻላል። ልብስ መስፋት የምትችል እህት ደግሞ በሐዋርያት ሥራ 9 ላይ ያለችውን ጣቢታን ታስታውስ። ጣቢታ በሞተች ጊዜ መበለቶቹ ለጴጥሮስ እያለቀሱ ያሳዩት ምን ነበር? የሰፋችላቸውን ልብስ ነው።

ሁለተኛ፣ ለንግድ አንስጥ። አንዳንድ ሰባኪ መጥቶ "ዘር ዝራ፣ ሪሴትልመንትህ ይፋጠናል፣ ስፖንሰርህ ይመጣል" ይላል። ወገኖቼ፣ የእግዚአብሔር በረከት እውነት ነው፣ ነገር ግን ጉቦ የማይቀበል አምላክ ነው ብለን አሁን አነበብን አይደል? ለድሀ አደግ የሚሰጥ ገንዘብ ፕሮሰስ ማፋጠኛ አይደለም። በፈቃድ፣ በደስታ፣ ጌታ ስለወደደን የሚሰጥ ነው።

3. "የማን ልጅ ነው?"

አሁን በግልጽ እንነጋገር። በመካከላችን በአፍ የማይነገር በልብ ግን የሚመላለስ ሌላ ጥያቄ አለ። "ገንዘቡ ለየትኞቹ ልጆች ነው የሚሄደው? ለእነዚያ ነው ወይስ ለእኛ?" የሚል ነው። ከተለያየ ክልል የመጣን ነን። ጦርነቱም የነካን በተለያየ በኩል ነው። እዚህ አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ አብረው ተቀምጠው የሚዘምሩ፣ አገር ቤት ግን ወንድሞቻቸው ፊት ለፊት የተዋጉ ሰዎች አሉ። ይህንን ሸፍነን ብናልፈው ቃሉን አልሰማንም ማለት ነው።

የሰባት ዓመት ልጅ ወታደር ልኮ አያውቅም። የአባቱን ጦርነት አልመረጠም። እግዚአብሔር ፊት አይቶ አያዳላም ከተባለ፣ የድሀ አደጉንም ፊት አይቶ አያዳላም። በሉቃስ 10 ያለው ሳምራዊ በመንገድ ላይ የወደቀውን ሰው ነገዱን አልጠየቀም፣ ቁስሉን ነው ያየው።

አገራችን ይህንን ከዚህ በፊት አድርጋዋለች። በ1916 ዓ.ም. ራስ ተፈሪ፣ በኋላ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የተባሉት፣ ወደ ኢየሩሳሌም በሄዱ ጊዜ በአርመኖች ገዳም ወላጅ የሌላቸው ልጆች አዩ። በኦቶማን ቱርክ ዘመን ከደረሰው እልቂት የተረፉ አርመኖች ነበሩ። ከፓትርያርኩ ፈቃድ ጠይቀው 40ዎቹን ወደ አዲስ አበባ አመጧቸው። ሙዚቃም ተምረው ማርሽ ባንድ ሆኑ። "አርባ ልጆች" ሲባሉ ያልሰማ ጥቂት ነው። ኬቮርክ ናልባንዲያን የሚባለው መምህራቸው ያዘጋጀው ዜማ በኃይለ ሥላሴ ዘመን የኢትዮጵያ ብሔራዊ መዝሙር ሆነ። ልጆቹ ቋንቋችንን አያውቁም ነበር፣ ደማችንም አልነበሩም። ኢትዮጵያም በዚያን ጊዜ ተርፏት አይደለም። አያቶቻችን ከባሕር ማዶ የሰው አገር ልጅ አምጥተው ካሳደጉ፣ እኛ የጎረቤት ክልል ልጅ እንዴት ይከብደናል?

4. ሰጪው ይሰወር፣ ገንዘቡ ግን ይታይ

አሁን ብዙ ሰው ወደሚፈራው ነገር እንግባ። "ገንዘቡን ማን ይበላዋል?" ይሄ ፍርሃት ከየትም አልመጣም። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ ሰው የሕፃናት ፎቶ የተለጠፈበት ወረቀት ይዞ በሰፈራችን በየቤቱ ዞሮ ነበር። እንጀራ ጋግራ የምትሸጥ እናት ሳይቀር ሰጠችው። ከዚያ በኋላ ስልኩ አይሠራም፣ ልጆቹም የት እንዳሉ የሚያውቅ የለም። ያ ሰው የወሰደው ሽልንግ ብቻ አይደለም። ከሰው ልብ ርኅራኄን ነው የወሰደው። እስከ ዛሬ "ለሙት ልጆች" ሲባል ፊታቸውን የሚያዞሩ አሉ፣ አልፈርድባቸውም።

ታዲያ መድኃኒቱ ምንድነው? አለመስጠት ነው? ጳውሎስ ሌላ መድኃኒት አሳይቶናል። 2ኛ ቆሮንቶስ 8፥19-21ን ቀስ ብላችሁ አንብቡ። ገንዘቡን ብቻውን አልያዘም። አብያተ ክርስቲያናት ራሳቸው የመረጡት ወንድም አብሮት ይጓዛል። ለምን? ማንም በዚህ ገንዘብ እንዳይነቅፈው። በእግዚአብሔር ፊት ብቻ ሳይሆን በሰው ፊትም መልካም የሆነውን አስባለሁ ይላል። በ1ኛ ቆሮንቶስ 16 ደግሞ በየሳምንቱ መጀመሪያ ቀን እያንዳንዱ ጥቂት ጥቂት ያስቀምጥ ይላል፣ ወደ ኢየሩሳሌም የሚያደርሱትንም እናንተው መርጣችሁ በደብዳቤ እልካቸዋለሁ ይላል። ሐዋርያው ጳውሎስ፣ ያ ሁሉ ተአምር በእጁ የተደረገ ሰው፣ "እኔን እመኑኝ" ብሎ አላለፈም። ምስክር አቆመ። ታዲያ ከጳውሎስ የሚበልጥ ወንጌላዊ ካለ ይነሳ!

ጆርጅ ሙለር የሚባል የእግዚአብሔር ሰው ነበረ። እ.ኤ.አ. በ1805 በፕሩሲያ፣ ዛሬ ጀርመን በምንለው አገር ተወለደ። ወደ እንግሊዝ አገር ሄዶ በብሪስቶል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1836 የሙት ልጆችን በኪራይ ቤት ማሳደግ ጀመረ። በ1898 እስኪሞት ድረስ ከ10 ሺህ በላይ ልጆች በእሱ ቤቶች አድገዋል። ሰባኪዎች ስለ ሙለር ስንናገር ጸሎቱን እንናገራለን፣ እውነት ነው፣ የጸሎት ሰው ነበር። መዝገቡን ግን እንረሳዋለን። ሙለር ለሰጪው ደረሰኝ ይሰጥ ነበር። በየዓመቱ የገባውንና የወጣውን አሳትሞ ለሕዝብ ያወጣ ነበር፣ የሰጪዎቹን ስም ግን አይጠራም ነበር። በጉልበቱ ይንበረከካል፣ በእጁ ደግሞ ይመዘግባል። ሁለቱም አምልኮ ነው።

ጌታ በማቴዎስ 6 ላይ ስትሰጡ ግራችሁ ቀኛችሁ የሚያደርገውን አይወቅ ብሏል። ይሄ ስለ ሰጪው ክብር ነው እንጂ ስለ ሒሳቡ አይደለም። ሰጪው ይሰወር፣ ገንዘቡ ግን ይታይ። ስለዚህ መዋጮው ከተጀመረ እንዲህ ይሁን እላለሁ፦

ሳጥኑ ሁለት ቁልፍ ይኑረው፣ ቁልፎቹም በሁለት ሰው እጅ ይሁኑ። ሲቆጠር ሦስት ሰው ይቁጠር፣ ሦስቱም ዘመዳሞች አይሁኑ፣ አንዷ እናት ትሁን። ወንጌላዊው ገንዘቡን አይያዝ፣ እኔን ጨምሮ። በየወሩ መጨረሻ እሑድ የተሰበሰበው በጉባኤ ፊት ይነበብ። በየሳምንቱ ብንልክ የመላኪያው ክፍያ ይበላዋል፣ ስለዚህ አጠራቅመን በሕጋዊ መንገድ እንላክ፣ ደረሰኙም ግድግዳ ላይ ይለጠፍ። እዚያ ያሉ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎችም ለየትኛው ልጅ ምን እንደተገዛ ይጻፉልን።

5. ልጁ የልመና ሳህን አይደለም

የመጨረሻው ነገር አጭር ነው፣ ግን ከባድ ነው። ገንዘብ ለማሰባሰብ ብለን ልጁን አናዋርደው። ቀዳዳ ልብስ አልብሶ፣ እንባውን ፎቶ አንስቶ በየስልኩ መላክ መርዳት አይደለም። ያ ልጅ ነገ ያድጋል፣ ፎቶውንም ያየዋል። የእኛን ልጆች እንዲያ ቢያደርጓቸው ደስ ይለናል ወይ?

ሌላም አለ። ወላጅ የሞተበት ልጅ ሁሉ ሰው የለውም ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ አያት አለች፣ አክስት አለች፣ አንዱ ወላጅም በሕይወት ይኖራል። በየማሳደጊያው ካሉት ልጆች እንኳ ብዙዎቹ ዘመድ አላቸው፣ የለያያቸው ችግር ነው። በአገራችን ጉዲፈቻ የቆየ ልማድ ነው፣ ልጅ በሰው ቤት እንደ አብራክ ልጅ ያድጋል። መንግሥትም በ2010 ዓ.ም. ልጆችን ለውጭ አገር በጉዲፈቻ መስጠትን ከልክሏል። ስለዚህ የምንልከው ጥቂት ገንዘብ አያትየዋን ይደግፍ። ደብተር፣ ጫማ፣ የወፍጮ እህል ይሁን። ልጁ ካለበት ቤት ሳይወጣ ይረዳ።

ቤት የሌለውን ደግሞ ቤት የከፈቱለት አሉ። ወይዘሮ አበበች ጎበና በ1972 ዓ.ም. ወደ ግሸን ማርያም ለመሳለም ሄደው በወሎ የረሃቡን ነገር በዓይናቸው አዩ። ሁለት ልጆች ይዘው አዲስ አበባ ተመለሱ። በአንድ ዓመት ውስጥ ልጆቹ ከ20 አለፉ። ባለቤታቸው ምረጪ ቢሏቸው ልጆቹን መረጡ፣ ከሞቀ ቤታቸውም ወጡ። በ2013 ዓ.ም. ሲያርፉ እናቴ ብሎ ያለቀሰላቸው ብዙ ነው። ሁለት ልጅ ብሎ የጀመረ ሰው ነው እዚያ የደረሰው። እኛም ከአንድ ልጅ ብንጀምር ጥቂት ነው አንበል።

ወገኖቼ፣ በ1ኛ ነገሥት 17 ኤልያስ ከአክዓብ ፊት ሸሽቶ ነበር። ስደተኛ ነበር በሉት። እግዚአብሔር ወደ ሰራፕታ ላከው፣ ወደ ንጉሥ ቤት ሳይሆን ወደ አንዲት መበለት። እሷም አንድ ልጅ አላት፣ አባት የሌለው ልጅ። በማድጋዋ የቀረው ዱቄት አንድ እፍኝ ነው። ከዚያች እፍኝ ነው ስደተኛው የበላው። ያን ጊዜ የድሀ አደጉ እንጀራ ስደተኛውን አኖረ። አሁን ተራው የስደተኛው ነው።

ለማሰላሰል፣ በየቤቱ ጸሎት የምትወያዩበት፦
የመቄዶንያ ሰዎች ከመስጠታቸው በፊት ምን አደረጉ?
በዚህ ሳምንት ቤቴን ሳልጎዳ ምን ማስቀመጥ እችላለሁ? ገንዘብ ከሌለኝ ምን ሥራ እችላለሁ?
በልቤ "የእነሱ ልጅ ነው" ብዬ የተውኩት ልጅ አለ ወይ?

ጸሎት፦ የድሀ አደጎች አባት፣ የስደተኞች ጠባቂ እግዚአብሔር ሆይ፣ ተቀብለን የኖርንበትን ምሕረትህን እናመሰግናለን። ጥቂቱን በደስታ የሚሰጥ ልብ፣ በታማኝነት የሚቆጥር እጅ ስጠን። አባትና እናት ላጡት ልጆች በያሉበት ቤት ሁንላቸው። ከልባችን ወገን መለየትን አውጣ። ለእነሱ የተባለውን ከእጃችን ሳይጎድል አድርስልን። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።

ተባረኩ። አንብባችሁ ስትጨርሱ ወረቀቷን ለጎረቤት አስተላልፉ።